የሃያ ሰባት ዲግሪ ትእዛዝ

የልጄ ልጅ ሰኞ ማለዳ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወደ ቤቴ ስትመጣ፣ ችግር እንደገጠማት ገና ከበሩ ላይ ዐወቅሁ። ችግር ሲገጥማት ትሕትናዋ ይጨምራል። ጫማዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ ያለወትሮዋም ከጀርባዬ ያለውን ትራስ አስተካከለችልኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ፣

«አባባ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብዎታል!» አለችኝ።

«ስንት በመቶ ነው?» አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ። «ሃያ ሦስት» አለችና ከጎኔ ተቀመጠች።

ሥራዋን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የልጄ ልጅ የሕንጻን የኃይል ፍጆታ በኮምፒውተር ውስጥ አስመስላ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ መብራቱን፣ የሰውን ብዛትና የአየር ማቀዝቀዣውን ማሽን በቁጥር ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩም ሕንጻው በዓመት ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ አስልቶ ይነግራታል። በዚያ ሰሞን የተሰጣት ሕንጻ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በዋና መሐንዲስነት ያገለገልኩበት ባለ ዘጠኝ ፎቅ የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ዓመት የቀድሞው ማሽን ተነቅሎ አዲስ ገብቶበታል። የሕንጻው ቦርድ ይህን አዲሱን ማሽን ጠግኖ ለማቆየት ወይም ሁሉንም ነቅሎ ሌላ ዓይነት ማሽን ጣሪያ ላይ ለመደርደር ያመነታ ነበር። ጥናቱ በስሟ የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ሞዴሏ ስለ ነገ የሚናገረው ከመታመኑ በፊት፣ ያለፈውን ዓመት የቆጣሪ ንባብ በየወሩ ከአምስት በመቶ ባልበለጠ ልዩነት መድገም አለበት። የእሷ ግን በሃያ ሦስት በመቶ ይለያይ ነበር፤ እስከ ሐሙስ ካልደገመ ጥናቱ ከእጇ ወጥቶ ለሌላ ባልደረባ ይተላለፋል።

«እንግዲህ ወደ ሽማግሌ የመጣሽው ሐሙስ ሲቀርብ ነው» አልኳት።

«ሽማግሌ ሳለ ምከሩ ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ሰኞ ላይ የሚመክር ሽማግሌ ባለፈው ወርም ነበረ።»

«ባለፈው ወር ደውዬ ነበር። “ኮምፒውተር ያበላሸውን ኮምፒውተር ያቃናው” ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።»

ይህን ማለቴን አላስታውስም፤ አነጋገሩ ግን የእኔ ይመስላል።

ኮምፒውተር አልወድም፣ ማሽን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ፣ የጻፈችውን ሁሉ መስመር በመስመር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብልኝ አዘዝኳት። በዚህ ሕንጻ ያለው አዲሱ ማሽን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹን እንደየክፍሉ ፍላጎት መጠኑን እየለዋወጠ ይልካል፤ ፀሐይ ለሚመታው ክፍል ይጨምራል፣ ባዶ ለሆነው ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ከክፍሎቹ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ውጭ አየር አይለቅም፤ በቧንቧ ለሚዞር ውሃ ያስረክባል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ወዳለው የማቀዝቀዣ ማማ ይወጣል፤ በዚያ ነፋስ ሲያገኘው ይቀዘቅዝና ተመልሶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ማሽኑ ለማቀዝቀዝ የሚበላው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

አንድ ሰዓት ያህል አነበበችልኝ። ፓምፑ ትክክል ነው፤ ማማው ትክክል ነው፤ የቧንቧው ርዝመትም ሳይቀር ትክክል ነው። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ደረሰችና እንደሌላው ሁሉ አንብባ አለፈችው።

«መልሺው» አልኳት።

«የሙቀት ማስረከቢያው ዓይነት፤ በአየር።»

«አሁንም መልሺው።»

«በአ...» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ፕሮግራሙ ያልተነገረውን ነገር ሁሉ በራሱ ግምት የሚሞላ ኖሮ፣ ይህችን አንዲት መስመር ከጥንቱ «በአየር» ብሎ ሞልቷት ነበር። የልጄ ልጅ ቧንቧ ዘርግታለች፣ ማማ ተክላለች፣ ፓምፕ አስነሥታለች፤ ማሽኑን ከውሃው ጋር ማገናኘት ግን ረስታለች።

«ታዲያ በአንቺ ሕንጻ ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ ምን ይሠራል?»

«ይዞራል።»

«ለማን?»

ራሷን ደፋች። «ለራሱ።»

«ጤና ይስጠው! ምድር ቤት የተቀመጠ ማሽንስ የጣሪያውን የቀትር አየር በምን አፍንጫው ነው የሚተነፍሰው?»

«አባባ፣ በቃ፣ ገብቶኛል።»

«እንዲገባሽ አይደለም፣ ደስ ስላለኝ ነው።»

መስመሯን አስተካክላ ሞዴሉን እንደገና አስኬደችው። በሙቀቱ ወራት ቆጣሪውና ሞዴሉ እንደ መንታ ወንድማማች ተስማሙ፤ ልዩነታቸው ከሁለት በመቶ አልዘለለም። እኔም ለምሳ እስክንነሣ ድረስ ስለ ቀድሞው ትምህርት ጥራት ንግግር አደረግሁ። ችግሩ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። አየሩ ለዘብ በሚልባቸው ስድስት ወራት ሞዴሉ ከቆጣሪው በዐሥራ አራት በመቶ ያንስ ነበር። ሕንጻው ውጪው ሲቀዘቅዝ፣ ሊቆጥብ ሲገባው፣ ከሚገባው በላይ ይበላል።

«መስኮት ይከፍታሉ» አልኩ ያለማመንታት። «የዛሬ ሠራተኛ ማሽን እየሠራ መስኮት ይከፍታል።»

«መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ እርስዎ ነዎት ያሸጓቸው።»

«እንግዲያው የግል ማሞቂያ ከጠረጴዛቸው ሥር ደብቀዋል።»

«ፎቅ በፎቅ ዞሬ አይቻለሁ። ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዷም የተበላሸች ናት።»

«ቆጣሪው ያረጀ ነው።»

«በሙቀቱ ወራት ሲስማማልን ግን ወጣት ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋች። «አባባ፣ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይሉ የለ? ወደ ማሽኑ የሚገባውን ውሃ ዐሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ያልኩት ከማሽኑ መመሪያና ከመቈጣጠሪያው ስክሪን ወስጄ ነው። በዓይኔ አላየሁትም። ነገ ምድር ቤት እንውረድ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሱፌን ለብሼ ወረድን። የምድር ቤቱን ማሽን ክፍል የሚጠብቀው ሰው ከእኔ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። የቫልቭ መዘውር ሲያዞር ስለሚውል የሕንጻው ሰዎች «መዘውር» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም በዚሁ ስም ሲጠሩት አቤት ይላል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አለቃ! ዘጠኝ ዓመትዎ! ምነው ረሱን?»

«አልረሳኋችሁም። ይህች የልጄ ልጅ ናት፤ ስለ ውሃው ልትጠይቅህ ትፈልጋለች።»

«ትንሿ አለቃ በሏ!» ብሎ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጠይቂኝ ልጄ። ስለዚህ ውሃ እኔ የማላውቀው የተወለደበትን ቀን ብቻ ነው።»

«ጋሽ መዘውር፣ አየሩ ለዘብ ሲል ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሃያ ሰባት።»

«ውጪው በጣም ሲቀዘቅዝስ?»

«ሃያ ሰባት።»

«እንዴ! ማማው እኮ በዚህ ወቅት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ማውረድ ይችላል።»

«ይችላል» አለ መዘውር በኩራት። «እኔ ግን አልፈቅድለትም።»

ማማውን ሳይነካ አልፎ የሚመለስ የውሃ መስመር አለ፤ የእሱ ቫልቭ ሲከፈት ውሃው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። መዘውር ያችን ቫልቭ በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ውሃውን ሃያ ሰባት ላይ ይዞ ኖሯል። በሙቀቱ ወራት ማማው እንኳንስ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሰባትም ስለማይደርስ ቫልቭዋ ሥራ የላትም፤ ሞዴሉና ቆጣሪው የሚስማሙትም ስለዚህ ነው።

«ስክሪኑ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ይላል» አለች የልጄ ልጅ።

«ስክሪኑ የታዘዘውን ነው የሚያሳየው። ከአለቃ በኋላ የመጡት ኃላፊዎች በሙሉ እኛን የሚያዩን በስክሪን ነው። ውሃውን በእጁ የነካ የለም።»

«ለምንድን ነው ግን ሃያ ሰባት?»

መዘውር እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ፣ ልጁ በሰው ፊት ያሳፈረችው አባት የሚያሳየው ዓይነት ግራ መጋባት ነበር። «እንዴት ለምን ትላለች አለቃ? ትእዛዝ ነዋ!»

ከትልቁ ምሰሶ ጀርባ ወሰደን። ግድግዳው ላይ፣ በመስተዋት ውስጥ፣ አቧራው በየዕለቱ የሚወለወል አንድ ወረቀት ተሰቅሏል። የእጅ ጽሕፈቱን ከሩቅ ዐወቅሁት፤ እንዲያ ያለ ጽሕፈት ዛሬ አይገኝም። «ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ፣ በየትኛውም ወራት፣ በማናቸውም ምክንያት፣ ከሃያ ሰባት ዲግሪ በታች እንዳይወርድ» ይላል። ከሥሩ «ዋና መሐንዲስ» የሚል አለ፤ ከእሱም ሥር የወረቀቱን ሲሶ የያዘ ፊርማዬ።

የልጄ ልጅ አነበበችው። ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ተመለከተች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርድ ግን አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ ትእዛዙ በተጻፈበት ጊዜ ትክክል ነበር። የቀድሞው ማሽን በውስጡ የጨው ውህድ የሚዞርበት ነበረ። ውሃው ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘበት ጨው በሆዱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። አንድ ጊዜ ተጋግሮበት ዐሥራ አንድ ቀን ቆሞብናል፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ትእዛዙን ጻፍኩ። ያ ማሽን ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። አዲሱ ጨው የሚባል ነገር የለውም፤ ዐሥራ አምስት ዲግሪ ውሃ ቢሰጡትም ደስታውን አይችለውም።

«አዲሱን ማሽን የተከሉት ሰዎች መመሪያ አልሰጡህም?» ብዬ መዘውርን ጠየቅሁት።

«ሰጥተውኛል፣ ይህን የሚያህል መጽሐፍ። አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፊርማ የለበትም» አለ መዘውር። «እነሱ ቫልቭዋን ዘግተው ሄዱ፤ እኔም ከበሩ እስኪወጡ ጠብቄ መለስኳት። የእርስዎን ቃል በእነሱ ልሽር ነው?»

ተናድጄ ልቈጣው ፈለግሁ፤ በምን ቃል እንደምቈጣው ግን አጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ሠራተኛ ይኸው ነበር።

መዘውር በየሰዓቱ ያነበበውን የውሃ ሙቀት በእርሳስ የጻፈባቸውን ደብተሮች አወጣልን። የልጄ ልጅ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ሁለት ወራት ደብተሮች እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ፣

«አባባ፣ “የራሷ አሮባት...”» አለች።

«ጨርሺው ብዬሻለሁ?»

«አልጨረስኩትም እኮ።»

«አትጨርሺው።»

«ማሽኑ በምን አፍንጫው ነው የሚተነፍሰው ያሉኝ ማን ነበሩ?»

«ደረጃው ዳገት ነው፤ ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

ረቡዕ እስከ ማታ የደብተሮቹን ቁጥር እያነበብኩላት ወደ ሞዴሉ አስገባች። ሲጠናቀቅ ዐሥራ ሁለቱም ወራት ከሦስት በመቶ በታች ሆኑ። ተነሥታ አቀፈችኝ። ከዚያ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረችና «የውሃው ሙቀት ሃያ ሰባት ዲግሪ የሆነበት ምክንያት» የሚለው ርእስ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ።

«በቆየ አሠራር ምክንያት በዪ» አልኳት።

«የማን ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«የቆየ ማለት ባለቤቱ የማይጠየቅ ማለት ነው።»

ተመለከተችኝ። የግምገማው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በወጣትነቱ እኔ ሥር የሠራ መሐንዲስ ነው፤ አንድ ሪፖርቱን በቀይ ቀለም «ምክንያቱስ?» ብዬ ሦስት ጊዜ መልሼበታለሁ። አራተኛውን ሲያመጣ ከስቶ ነበር። አሁን ደግሞ የጠረጠረውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያፈርስ ገምጋሚ ሆኗል፤ ምክንያት የሌለው ቁጥር ካየ፣ ሞዴሉ ቆጣሪውን እንዲመስል ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው ብሎ ያምናል። ሃያ ሰባትን ካልተቀበለ ሞዴሉ ወደ ዐሥራ አራት በመቶው ይመለሳል፤ ጥናቱም ከልጄ ልጅ እጅ ይወጣል።

«የግድግዳውን ወረቀት ፎቶ አላነሣሽውም?» አልኳት።

«አላነሣሁም» አለች። «የእርስዎ ነው።» ከዚያ እንዳልኳት «በቆየ አሠራር ምክንያት» ብላ ጻፈች። ብትጨቃጨቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጭቅጭቅ መልስ አላጣም።

ሐሙስ በስብሰባው አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ግማሽ ተዘግቶ፣ የልጄ ልጅ ግራፎቿን ግድግዳ ላይ እያሳየች አንድ በአንድ አስረዳች። ሰብሳቢው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲሰማ ቆየና፣

«ሃያ ሰባት» አለ። «ለምን ሃያ ሰባት? ማሽኑ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፣ ማማው ቀዝቃዛ ውሃ መስጠት ይችላል። እርስዎ ደግሞ አንድ ሰው በመካከል ቆሞ ለሰባት ዓመት ውሃውን በእጁ ሲያሞቅ ኖሯል እያሉን ነው።»

«አዎን። በየሰዓቱ የተጻፈ ደብተር አቅርቤያለሁ።»

«ደብተሩን አይቻለሁ፤ የእርሳስ ጽሑፍ ነው። ምክንያቱ ግን “የቆየ አሠራር” ይላል። እመቤቴ፣ ይህ ቁጥር ለሞዴልዎ በጣም የሚመች ቁጥር ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይሰጣል?»

የልጄ ልጅ መልስ ነበራት፤ በአፏ ውስጥ አየሁት። ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ከጥናቱና ከእኔ ክብር አንዱን እንድትመርጥ አድርጌያት፣ እሷ መርጣ ዝም ብላለች።

ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ድምፅ ስላሰማ ሁሉም ዞሩ።

«ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጤናዬን በተመለከተ ሐኪሜ ይመሰክራል። ትእዛዙ ለቀድሞው ማሽን የተሰጠ ነበር፤ ጨው ስለሚጋገርበት። ማሽኑ ሲወጣ ትእዛዙ አብሮት መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ወረቀቱ በእጅ ጽሕፈቴና በፊርማዬ እስካሁን ምድር ቤት ተሰቅሎ ይገኛል። ማንም ወርዶ ሊያየው ይችላል።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ዋና መሐንዲስ፣ ትእዛዙ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«አንድም መስመር?»

«አንድም።»

«ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል» አለ ሰብሳቢው፣ ፊቱ ሳይፈታ። «ሦስት ጊዜ! ከዚያ ወዲህ ለሚስቴ የምጽፈው ማስታወሻ እንኳ ምክንያት አለው።»

ሳቁ ከፊት ወንበር ተነሥቶ እስከ ኋላ ደረሰ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ያን ሁሉ ሳቅ ቆሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ ወረቀቱ ተመለሰና፣ ሞዴሉ ተቀባይነት እንዳገኘና ጥናቱ በልጄ ልጅ እጅ እንዲቀጥል፣ ማሽኑን ነቅሎ ከመጣል በፊትም ውሃው በትክክለኛው ሙቀት ሲዞር የሚገኘው ቁጠባ እንዲለካ ወሰነ። ፊርማውን ሲያኖር አየሁት፤ ትንሽ ፊርማ ነው።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረድን። መዘውር የስብሰባውን ውሳኔ በትዕግሥት ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«ገብቶኛል አለቃ። ወረቀቱ የታለ?»

«የምን ወረቀት? በቃሌ ነግሬህ የለ?»

«የተጻፈ በቃል አይሻርም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ጡረታ የወጣ ሰው የመሻር ሥልጣን እንደሌለው ልነግረው ብጀምርም፣ የመዘውር ዓይን ክርክር የሚቀበል አልነበረም። በደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ መሻሪያውን ጻፍኩ። አነበበው፤ ፊርማውን ከግድግዳው ፊርማ ጋር አስተያየ፤ ተስማማለት።

«አሁንስ ስንት ላድርገው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነበር። «ጥናቱ የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቃት» አልኩ።

ቀና ብላ ተመለከተችኝ፤ ከዚያ ወንበሩን ለቅቄላት ተቀመጠች። «አየሩ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ ውሃው እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ይውረድ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ለምን እንደሆነ በሦስት መስመር አብራራች፤ ማሽኑ የተለወጠ ዕለት ትእዛዙ እንደገና እንዲመረመርም አከለች። እኔ ከትከሻዋ በላይ ሆኜ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ትእዛዝ አንባቢ እንደሚያሰለች ነገርኳት። ሰሚ አላገኘሁም።

መዘውር ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። ስለ ጨው የምትለው መስመር ላይ ተመልሶ ሁለተኛ አነበባት።

«ነገሩ ጨው ኖሯል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ።»

«አይ አለቃ! ያ ማሽን ከነጨው በክሬን ሲወጣ በዚህ በር ላይ ቆሜ የሸኘሁት እኔ አይደለሁ? ይህን ጽፈውልኝ ቢሆን በዚያኑ ቀን እለቃት ነበር።»

«ያኔ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እርስዎን?» አለና ወደ ልጄ ልጅ ዞረ። «ትንሿ አለቃ፣ ሰሙ? እሳቸውን እኮ ነው!»

የቫልቭዋን መዘውር ይዞ በሁለት እጁ ዘጋት። የልጄ ልጅ ቴርሞሜትሩ ፊት ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች፤ እኔም ወገቤን ይዤ ከጎኗ ዝቅ አልኩ። መርፌው ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀም። ከዚያ፣ ሰባት ዓመት እንደ ተቸከለ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ሃያ ስድስት ሄደ።